ግብርን ከመጋዘን የሚጀምር ቢሮ፦ ለአነስተኛ አምራቾች የሚሰጥ አገልግሎት ግምገማ

ባሕር ዳር ውስጥ የግብር ማስታወቂያ (የዓመቱን ትርፍና ግብር ለግብር ጽሕፈት ቤት የሚያሳውቀውን ቅጽ) ሞልቶ የሚያስረክብ የሂሳብ ባለሙያ አይጠፋም። የሚጠፋው ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴን ሂሳብ ከሚያመርት ድርጅት ሂሳብ ለይቶ የሚሠራ ነው። እኔ በሥራ አስኪያጅነት የምመራው ድርጅት ሦስት ባለድርሻዎች ያሉት አነስተኛ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን፣ የተማሪ መቀመጫ፣ የብረት በርና መስኮት እንዲሁም የቢሮ መደርደሪያ ያመርታል። የ2016 የግብር ዘመን ሂሳባችንን የሠራልን ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ለእኛ አዲስ የሆነ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የማመሰግነውም የምነቅፈውም አሠራሩን ስለሆነ አንባቢ ወደየትኛውም ቢሮ ቢሄድ በዚሁ መለኪያ መዝኖ መምረጥ ይችላል።

አስቀድሜ የሥራውን ስፋት ላስረዳ። በፌደራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በድርጅትነት የተቋቋመ ግብር ከፋይ ሽያጩ ትንሽም ይሁን ብዙ ደረጃው «ሀ» ነው። ስለዚህ እንደ እኛ ያለ ማኅበር የተሟላ የሂሳብ መዝገብ መያዝ፣ የትርፍና ኪሳራ እንዲሁም የሀብትና ዕዳ መግለጫ ማቅረብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ትርፉም ላይ 30 በመቶ መክፈል ይጠበቅበታል። የእኛ የግብር ዘመን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጠር ሲሆን፣ ማስታወቂያውን አቅርቦ ግብሩን ለመክፈል የተሰጠው ጊዜ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጊዜው ሲነገር ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙው ሰው ክረምቱን እንደዋዛ አሳልፎ፣ ጳጉሜንን በአዲስ ዓመት ዝግጅት ጨርሶ፣ ወደ ፋይሉ የሚመለሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። የሂሳብ ቢሮዎችም በአብዛኛው በዚሁ ልማድ የሚሄዱ በመሆናቸው በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት የየቢሮው መወጣጫ ደረጃ ሁሉ ፋይል ባቀፈ ሰው ይሞላል፣ ስልክ የሚያነሣም አይገኝም።

ይህ ቢሮ ሥራውን የጀመረው በሰኔ ነው። ውል ስንዋዋል የቢሮው ኃላፊ በመጀመሪያ የጠየቁን ስለ ደረሰኝ ሳይሆን መጋዘናችን እንዴት እንደተደራጀ፣ ዕቃ በማን ፊርማ እንደሚወጣና የዓመት መጨረሻ ቆጠራ ማን እንደሚያደርግ ነበር። ዓመቱ ሲዘጋም ሁለት ባለሙያዎቻቸው አባይን ተሻግረው ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው መሥሪያ ቦታችን መጡና ቆጠራውን ከንብረት ክፍል ኃላፊያችን ጋር አብረው አካሄዱ። ከዚህ በፊት ያሠራናቸው ሁሉ «ፋይሉን ይዛችሁ ኑ» ከማለት አልፈው የፋብሪካውን በር አይተው አያውቁም።

ቆጠራው ለምን ይህን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ለማያመርት አንባቢ መግለጽ ያስፈልጋል። የነጋዴ የሽያጭ ወጪ ዓመቱ ሲጀምር በእጁ በነበረው ዕቃ ላይ የገዛውን ደምሮ በመጨረሻ የቀረውን በመቀነስ ይገኛል። አምራች ግን በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ክምችት ይኖረዋል፤ ገና ያልተነካ ጥሬ ዕቃ፣ ተጀምሮ ያላለቀ ሥራና አልቆ ገዢ የሚጠብቅ ምርት። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ ተደባልቀው «የዕቃ ክምችት» ተብለው ከተጻፉ ወይም በግምት ከተሞሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የትርፍ አኃዝ ሁሉ መሠረት የለውም።

በዕለቱ በመሥሪያ ቤቱ ጥግ ብየዳቸው አልቆ ጣውላ ያልተገጠመላቸው የመቀመጫ ክፈፎች ተደርድረው ነበር። ቀደም ሲል እንዲህ ያለውን ዕቃ ወይ ከጥሬ ዕቃ ጋር ይደምሩት ነበር፣ ወይም ጨርሶ ያልፉት ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ግን ሜትር አውጥቶ በአንዱ ክፈፍ ላይ ስንት ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ብረት) እንደገባ ለካ፤ ምን ያህል ኤሌክትሮድ እንደሚጨርስ በያጁን ጠየቀ፤ ቀለም ያልተቀባ መሆኑን ጻፈ፤ ከዚያም «ከሥራው ስድሳ በመቶው አልቋል ማለት ይቻላል?» አለ። በያጁ ክፈፉን ገልበጥ አድርጎ አየና «ቀለሙም ጣውላውም ቀርቶ ምን ስድሳ፣ ሃምሳ በለው» አለው። ሃምሳ ተብሎ ተጻፈ፣ በያጁም ከጎኑ ፈረመበት። ያ ወረቀት ዛሬ በፋይላችን ውስጥ አለ፤ ኦዲተር ቢመጣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ነው።

ቁርጥራጩም አልተረሳም። ብረት የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው ከባለ 6 ሜትሩ ቱቦላሬ ለሥራው የሚሆነው ተቆርጦ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ። ባለሙያው የንብረት ክፍል ኃላፊያችንን «ጋሼ፣ ይህን ማን ይወስደዋል?» ሲል ጠየቃቸው። «ቆራሌው ነዋ፣ ልጄ» አሉት። «ብሩስ?» «ለልጆቹ የሻይ ትሆናለች።» ባለሙያው አልተቆጣም፣ አልሳቀምም፤ የቁርጥራጩ ሽያጭ በኪሎ ተመዝኖ እንደማንኛውም ገቢ መመዝገብ እንዳለበት፣ የሻዩም ነገር ለብቻው በወጪ ሊያዝ እንደሚችል አስረዳቸው። ነገሩ የጥቂት ብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግብር ኦዲተር በዓመቱ የተገዛውን ቱቦላሬ ሜትር ከተመረተው መቀመጫ ጋር ሲያነጻጽር ክፍተት ካገኘ፣ ክፍተቱ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ምርት ነው ወደሚል ግምት ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ የቆራሌው የሚዛን ወረቀት የድርጅቱ ምስክር ይሆናል። ይህን ያህል አርቆ የሚያስብ የግብር አዘጋጅ ከዚህ ቀደም አላጋጠመኝም።

ከቆጠራው በኋላ የመጣው ክርክር ያላለቀና ያለቀ ምርት በስንት ብር ይመዝገብ የሚለው ነው፤ የቢሮው ብቃት በደንብ የታየውም፣ ከባለድርሻዎቹ ጋር ቅሬታ የተነሣውም እዚህ ላይ ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስቀምጠው። በአንድ የተማሪ መቀመጫ ላይ የ1,400 ብር ብረትና ጣውላ፣ የ300 ብር የሠራተኛ ጉልበት፣ እንዲሁም ከመብራት፣ ከመሥሪያ ቦታ ኪራይ፣ ከማሽን እርጅና (ማሽኑ በአገልግሎት ከሚያጣው ዋጋ) እና ከፎርማን ደመወዝ የሚደርስበት የ250 ብር ድርሻ አርፏል እንበል። ሰኔ 30 ቀን 100 ያልተሸጡ መቀመጫዎች ቢኖሩ በጥሬ ዕቃ ዋጋ ብቻ ሲመዘገቡ 140,000 ብር፣ በሙሉ የማምረቻ ወጪ ሲመዘገቡ ደግሞ 195,000 ብር ይሆናሉ። በመካከሉ ያለው 55,000 ብር ከዓመቱ ወጪ ላይ ስለሚነሣ ትርፉ በዚያው ልክ ያድጋል፣ ግብሩም በ16,500 ብር ይጨምራል። ከባለድርሻዎቻችን አንዱ ይህን ሲሰሙ «ገንዘብ ከፍለን ግብር የሚጨምርብን ሰው ቀጠርን ማለት ነው?» አሉ። ጥያቄው አግባብ ነበረው።

የኃላፊዋ መልስ አጭር ነበር። ገቢና ወጪውን ገንዘብ እጁ ሲገባና ሲወጣ ሳይሆን መብቱና ግዴታው በተፈጠረበት ጊዜ የሚመዘግብ ድርጅት ክምችቱን በሙሉ የማምረቻ ወጪ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድዳል፤ በዚህ ዓመት ወደ ክምችት የገባው 55,000 ብር መቀመጫዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ሲሸጡ ወጪ ሆኖ ስለሚመለስ የሚለወጠው የጊዜው ጉዳይ ብቻ ነው፤ በሌላ በኩል አሳንሶ ያሳወቀ ድርጅት በኦዲት ሲገኝበት በጎደለው ግብር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ 10 በመቶ፣ ለሁለተኛ ጊዜ 30 በመቶ ቅጣት፣ በዚያም ላይ ወለድ ይከተለዋል። ባለድርሻው ደስ ባይላቸውም ተስማሙ። እኔ የወደድሁት ግን ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው። መብራት በተቋረጠባቸውና መንገድ ተዘግቶ ጥሬ ዕቃ ባልደረሰባቸው ሳምንታት የከፈልነውን ኪራይና ደመወዝ በመቀመጫዎቹ ዋጋ ላይ አልጫኑትም፤ የተለመደውን የማምረት አቅማችንን መሠረት አድርገው ድርሻውን አስልተው፣ ቀሪውን የዚያው ዓመት ወጪ አድርገው ያዙት። ይህም የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚጠይቀው አሠራር ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ግማሽ አቅሙን ሳይሠራ ለከረመ አምራች ልዩነቱ ቀላል አልነበረም።

የክምችት ዋጋ ሌላም ፈተና ገጥሞታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ የላሜራና የቱቦላሬ ነጋዴዎችም ዋጋቸውን ለመከለስ ጊዜ አላጠፉም። ነሐሴ ላይ ረቂቁ ሲዘጋጅ በመጋዘን ያለው ብረት በአዲሱ የገበያ ዋጋ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ከእኛው ወገን ቀረበ፤ የሀብት መግለጫው ሲወፍር ለባንክ ብድር ይመቻል በሚል ነው። ቢሮው አልተቀበለም። ክምችት የሚመዘገበው ከወጣበት ወጪና ከገበያ ዋጋው ዝቅተኛ በሆነው ነው፤ የሚታየውም የሰኔ 30 ሁኔታ እንጂ በሐምሌ መጨረሻ የሆነው አይደለም። ያልተሸጠ ብረት ላይ ትርፍ ጽፎ 30 በመቶ ከመክፈል አድነውናል ማለት ይቻላል። ጥሬ ዕቃ ሲወጣ በየትኛው ዋጋ ይወራረድ ለሚለውም መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል ከሚለውና ከአማካይ ዋጋ ዘዴ አማካዩን መርጠው፣ ከዓመት ዓመት መቀያየር እንደማይገባ በጽሑፍ አስታወቁን።

ስለ እርጅና ብዙ አልልም፤ ንጹሕ ሥራ ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር በቀጥተኛ ዘዴ (በየዓመቱ ከመነሻ ዋጋው ላይ እኩል በሚቀነስበት) 20 በመቶ ወይም በተቀናናሽ ዘዴ (በየዓመቱ ከቀሪው ዋጋ ላይ በሚቀነስበት) 25 በመቶ፣ እንደ ብየዳና መቁረጫ ማሽን፣ ጄነሬተርና የቢሮ ዕቃ ያለው ሌላው ንብረት ደግሞ 15 ወይም 20 በመቶ ይታሰብለታል፤ ሕንፃ በቀጥተኛው ዘዴ ብቻ 5 በመቶ ነው። የ400,000 ብር ጄነሬተር በቀጥተኛው ዘዴ በየዓመቱ 60,000 ብር ሲቀነስለት፣ በሌላው ዘዴ ግን በመጀመሪያው ዓመት 80,000፣ በሁለተኛው 64,000፣ በሦስተኛው 51,200 ብር ይቀነስለታል። የሂሳብ መዝገባችን እርጅናን የሚያሰላው ማሽኑ ያገለግላል ተብሎ በሚታሰበው ዘመን በመሆኑ ሁለቱ አኃዞች አይገጥሙም። ቢሮው ልዩነቱን በአንድ ገጽ የማስታረቂያ ሠንጠረዥ አሳይቶ ከማስታወቂያው ጋር አያይዞታል። ቀድሞ ግን በግብሩ መጠን ተሰልቶ በመዝገቡም ላይ እንዳለ ይገለበጥ ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያስገኘልን ሥራ የቅድመ ግብር ደረሰኞቹ ማጣራት ነው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመሆናቸው፣ በዚያ የግብር ዘመን በነበረው ሕግ ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ በገዙን ቁጥር ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ እየቀነሱ ለግብር ጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ ነበር። በ600,000 ብር ሽያጭ ላይ 12,000 ብር አስቀድሞ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከምንከፍለው ግብር ላይ የሚቀነስልን ግን የተቀነሰበት ደረሰኝ በእጃችን ሲኖር ነው። የዚህ ቢሮ ባለሙያ የሽያጭ ደረሰኞቻችንን በቀን ቅደም ተከተል ደርድራ በየአንዳንዱ ትይዩ የቅድመ ግብሩን ደረሰኝ ቁጥር አሰፈረች፤ ባዶ የቀሩትን ረድፎች በቢጫ ቀለም አስምራ ነሐሴ ሳይጋመስ ዝርዝሩን ሰጠችን። ነሐሴ መሆኑ ዋጋ አለው። ገንዘብ ያዥ ሳይቀየር፣ የበጀት ዓመቱ ሰነድ ወደ መዝገብ ቤት ሳይወርድ፣ ደረሰኙን መጠየቅ የሚቻልበት ወቅት ነውና። ከባሕር ዳር ራቅ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ደረሰኙን ቆርጦ በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ተገኘ፤ ሌላው ጨርሶ አልቆረጠም ነበርና ለሒሳብ ሹሙ ደብዳቤ ጽፈን ነው ያገኘነው። በጥቅምት መጨረሻ ቢነገረን ኖሮ ግማሹን እንተወው ነበር።

በተመሳሳይ ሁኔታ እኛ ከአቅራቢዎች ላይ ልንቀንስ የሚገባንን መርምረዋል። በዚያው ጊዜ በነበረው ሕግ ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ወይም ከ3,000 ብር በላይ አገልግሎት ስንገዛ 2 በመቶ ቀንሰን የማስገባት ግዴታ የነበረብን እኛው ነን፤ ሳንቀንስ ከቀረን ከኪሳችን ይወጣ ነበር። ቲን ቁጥር የሌለው አቅራቢ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ወደ 30 በመቶ ያድግ ነበር። ጣውላ ከሚያቀርቡልን ሰዎች አንዳንዶቹ በቁራጭ ወረቀት ላይ ፈርመው ብቻ የሚሄዱ በመሆናቸው ቢሮው እነዚያን ክፍያዎች ከተቀናሽ ወጪ ለይቶ አወጣቸው፤ ሥራው ላይ መዋላቸው ቢታወቅም ሕጋዊ ሰነድ ለሌለው ወጪ ፊርማቸውን እንደማያኖሩ በግልጽ ነገሩን። ቅጣትም ተቀናሽ አይሆንም። ለፋሲካ ለሠራተኞች የገዛነው በሬ «ጥያቄ ሊያስነሣ የሚችል» በሚል ርእስ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሳየው ፈገግ አልሁ፤ ቢሆንም ምን እንደሚነሣ አስቀድሞ ማወቅ ሳላውቅ ከመከራከር ይሻላል።

ትርፍን ስለማከፋፈል የሰጡትን ምክር ስሰማ አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም የኩሽና ቁም ሣጥን የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት አለው፤ ድርጅቱ በዚያ አገር «ኤስ ኮርፖሬሽን» የሚባለውን የግብር አቋም የመረጠ ነው። እንዲህ ያለው ድርጅት፣ ባለአክሲዮኖቹ ከ100 ሳይበልጡ፣ በአጠቃላይ ሲታይ ራሱ የፌደራል የገቢ ግብር አይከፍልም። ቅጽ 1120-ኤስን ሞልቶ፣ የግብር ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጥር እስከ ታኅሣሥ የሆነ እስከ ማርች 15 ያቀርባል፤ ለየባለአክሲዮኑም የትርፍ ድርሻውን የሚያሳይ ኬ-1 የተባለ መግለጫ ይሰጣል፣ ግብሩን ባለአክሲዮኖቹ በየግላቸው ማስታወቂያ ይከፍላሉ። በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ ባለአክሲዮንም ትርፍ ከመውሰዱ በፊት ለሥራው ተመጣጣኝ ደመወዝ እንዲከፈለው ይጠበቃል። የአጎቴ ልጅ የሚያማርረው ግን እንደ እኔው በቆጠራው ነው፤ አምራች ስለሆነ የሽያጭ ወጪ ማስያ ቅጽ አብሮ ይያያዛል፣ እሱም በዓመቱ መጨረሻ ጣውላ ሲለካ ይውላል።

እኛ ዘንድ ድርጅቱና ባለድርሻው ተለያይተው ይከፍላሉ። በ2016 በነበረው ሕግ ከ100 ብር ትርፍ ላይ 30 ብር የድርጅቱ ግብር ይወጣ ነበር፤ ቀሪው 70 ብር ሲከፋፈል 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር፣ ማለትም 7 ብር፣ ይቀነስ ነበር፤ ድምሩ 37 ብር ነው። አናከፋፍልም ብሎ ዝም ማለትም አያድንም ነበር፣ ምክንያቱም ያልተከፋፈለና መልሶ በካፒታል ላይ ያልዋለ ትርፍ ያንኑ 10 በመቶ ይጠየቅበት ነበር። ኃላፊዋ ይህን ገና በነሐሴ አንሥተው፣ ትርፉን ለአዲስ መቁረጫ ማሽን ልናውለው ካሰብን የባለድርሻዎች ቃለ ጉባኤ እንድንይዝና የካፒታል ዕድገቱን በጊዜው እንድናስመዘግብ አሳሰቡን። ማስታወቂያ ሞልቶ ከማስረከብ ያለፈ አገልግሎት የምለው ይህን ነው።

አሁን ወደ ነቀፌታው ልምጣ። የሰኔና የነሐሴ ትጋታቸው በጥቅምት አልተደገመም። የመጨረሻው ረቂቅ እጃችን የገባው ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመሆኑ ሦስቱ ባለድርሻዎች ተሰብስበው ለማንበብ ፋታ አላገኙም፤ አንዱ በስልክ ሰምተው ነው የተስማሙት። ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ ነጋዴዎች በመሆናቸው መስከረም ሲጠባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎርፍባቸዋል፤ አስቀድሞ የተቆጠረልን እኛም ከዘገዩት ጋር አንድ ወረፋ ውስጥ ገባን። በሰኔ ለጀመረ ደንበኛ ይህ ተገቢ አይደለም። ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ማስታወቂያን እስከ መጨረሻው ቀን ማቆየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የዘገየ ማስታወቂያ ባልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት እንዳለው የነገሩንም እነሱው ነበሩ።

የጽሑፍ አገላለጻቸውም ሊሻሻል ይገባዋል። ከሂሳቡ ጋር የሰጡን ማብራሪያ በቁጥርና በአንቀጽ የተሞላ በመሆኑ ለሂሳብ ባለሙያ እንጂ ለባለድርሻ የተጻፈ አይመስልም። በቃል ሲያስረዱ እንዲያ ግልጽ የሆኑ ሰዎች በወረቀት ላይ ለምን እንደሚጠጥሩ አልገባኝም። በተጨማሪም ሥራው የተሠራበትን የኮምፒዩተር ፋይል ለመስጠት አንገራግረው ነበር፤ የታተመውን ብቻ ውሰዱ አሉን። መዝገብና ሰነዱን ለዓመታት ጠብቆ የማቆየት ግዴታ ያለበት ግብር ከፋዩ እንጂ ቢሮው ስላልሆነ በዚህ ነጥብ ላይ አጥብቀን ተከራክረን በፍላሽ ተቀብለናል። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ይህ በውሉ ውስጥ መጻፉን ተመልከቱ።

ለዓመቱ ሥራ የከፈልነው 45,000 ብርና በላዩ ላይ የሚታሰበው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ቆጠራው፣ የማምረቻ ወጪ ስሌቱ፣ የሂሳብ መግለጫዎቹና ማስታወቂያው በዚህ ውስጥ ይካተታሉ፤ ወርኃዊው የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሥራ፣ እንዲሁም በግብር ኦዲት ጊዜ ድርጅቱን ወክሎ መቅረብ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ክፍያውን ስንፈጽም 900 ብር ቅድመ ግብር እኛው ቀንሰን ደረሰኝ ቆረጥንላቸው፣ እነሱም ደረሰኛቸውን ሳይጠየቁ ሰጡን። ከዚያ በፊት እንከፍለው ከነበረው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው፤ በቅድመ ግብር ደረሰኝ ያስመለሱልን ብቻ ጭማሪውን ይሸፍነዋል። የታክስ ወኪልነት ፈቃዳቸውን ለማየት ስንጠይቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሳይተው አላበቁም፤ ኮፒውን ከውሉ ጋር አያይዘውልናል።

ዕቃ አምጥቶ የሚሸጥ ሱቅ ላለው ሰው ይህን ቢሮ አልመክርም፤ የማይጠቀምበትን ስሌት ይከፍላል። ዱቄት ለሚፈጭ፣ ዘይት ለሚጨምቅ፣ ብሎኬት ለሚመታ፣ ብረት ለሚበይድ ድርጅት ግን፣ በተለይ ሰኔ 30 ሲደርስ ብዙ ያላለቀ ሥራ በእጁ የሚቀር ከሆነ፣ ክፍያውን የሚያስቆጭ አይደለም። በእኛ በኩል ግብሩ በጊዜው ተከፍሏል፣ ክሊራንሱ (የግብር ዕዳ እንደሌለብን የሚያሳየው ማስረጃ) ወጥቷል፣ ንግድ ፈቃዱም ታኅሣሥ ሳይገባ ታድሷል። የ2017 ውላችንን ከእነዚሁ ሰዎች ጋር የተፈራረምን ሲሆን፣ በአዲሱ ውል ላይ ረቂቁ እስከ መስከረም 30 እንዲደርሰን፣ ከዚያ ካለፈ ግን ለየሳምንቱ ከክፍያው 5 በመቶ እንዲቀነስ የሚል አንቀጽ አስገብተናል፤ ኃላፊዋም ጥቂት አሰብ አድርገው ፈርመውበታል።